ነጯ ኜንዜ

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በእኛ አገር ሴት ሁሉ ደጅ ወጥታ እልል ትላለች። እኔ አልልም። የተሰጣ ልብስ ካለ አስገባለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፣ አበቃ። ጎረቤቶቼ ግትር ይሉኛል፤ አልዋሹም፣ ነኝ። አምና አንዷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሙቻነታ፣ ዝናብ ምን በደለሽ?» አለችኝ።

«እኔን ምንም። አንቺን ግን እያበሰበሰሽ ነው፣ ግቢ» አልኳት።

እንዲያ ያልኳት ምክንያቱ በአጥር ላይ የሚነገር ነገር ስላልነበረ ነው።

የትልቁ ድርቅ ዓመት ነበር። ስምንት ዓመት ገና አልሞላኝም። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደርቆ ቆሞ ቀረ፤ ንፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ሁለቱም በሬዎቻችን ሞቱ፤ ጋሪው ግቢ ውስጥ ተደፍቶ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር፣ በኋላ ዶሮውም አለቀ። አባቴ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ የሚመጣው ለገና ነው። ቤት የቀረነው እናቴ፣ የአባቴ እህት አክስቴ ሴኬሳይና እኔ ነበርን።

ከዝናብ በፊት ባለው የሙቀት ወር ጫካችን ይጮኻል። የምትጮኸው ኜንዜ የምንላት ባለክንፍ ነፍሳት ናት። አውራ ጣት ታክላለች፣ ክንፏ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል፣ ግንድ ላይ ተለጥፋ የዛፉን ውሃ ትመጥጣለች። ዓመታት አፈር ውስጥ ትቆይና አንድ ቀን ቆፍራ ወጥታ፣ ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ እዚያው ጀርባዋን ሰንጥቃ አሮጌ ቆዳዋን ትጥላለች። እኛ እንበላታለን። የሾላ ወተት አፍልተን ሙጫ እናደርግና ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ቀብተን ክንፏን ነካ። ከተጣበቀች አለቀላት። ክንፍና እግሯን ነቅሎ በጨው መቁላት ነው። በሌላ ዓመት የልጆች ጨዋታ ነበር። የዚያን ዓመት ግን አሮጊት ሁሉ ሸንበቆ ይዛ ጫካ ገባች።

የዚያን ዓመት የልጆች ሆድ ይነፋ ነበር። እጅና እግራቸው ቀጥኖ ቀጥኖ ሆዳቸው ብቻ እንደ ከበሮ ይወጠራል። አብሮኝ ሸንበቆ ይዞ ይሮጥ የነበረ የጎረቤት ልጅ እንዲያ ሆኖ ሞተ። ስለዚህ የእናቴ ሆድ መነፋት ሲጀምር እኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ነው። ከድርሻዋ ቀንሳ ወደ እኔ ሳህን ስትገፋ አይቻለሁ። ረሃብ ይዟታል አልኩ።

እርጉዝ ናት ያለኝ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሆድ በስሙ አይጠራም፤ ከዚያ በፊት ሁለት ለቀበረች ሴትማ ጭራሽ። ስሙን የጠራ ቀኑን ያበላሻል ይላሉ። ትልልቆቹም ዙሪያውን ነበር የሚያወሩት። አንድ ቀን አክስቴና ጎረቤታችን ቼኔሳይ ሙጫ እያፈሉ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ነርሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች። ከእንግዲህ በቢላ ካልሆነ አትተርፍም አለች። ሆስፒታል።»

«በምን ትደርሳለች? አውቶቡሱ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ከረመ፣ በሬ የለሽ።»

«አዝያት እሄዳለሁ።»

«አንቺን ራስሽን ማን ይዘልሽ! ይሄን ጉልበት ይዘሽ?» አለች ቼኔሳይ። ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሙጫቸው ጎነበሱ።

ቢላ ሲባል ለእኔ የመጣልኝ ፍየል ነው። ሆስፒታል ፍየል የሚያርዱ መሰለኝ። እናቴ ሥጋ በልታ ሆዷ ሊጎድልላት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሰውየው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አክስቴ አንዲት ወፍራም ኜንዜ ላይ ሸንበቆዋን አነጣጥራ፣ ትንፋሽዋን ይዛ፣ ሊደርስላት ሲል ከኋላችን፣ «እባክሽ እናቴ፣ እንዳትነኪያት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ኜንዜዋ በረረች። አክስቴ ዞረች። ደረቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ካልሲውን በሱሪው ላይ የሳበ ከተሜ ቆሟል። ከኋላው አንድ አረንጓዴ መኪና።

«ምን? ያንተ ናት?»

«አይ፣ ፎቶ ላነሳት ብዬ ነው። በስንት ጊዜ ብርሃኑ መጥቶልኝ...»

«ፎቶ? ለኜንዜ? መታወቂያ ልታወጣላት ነው?»

እናቴ ሳቀች። እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ዛፍ ተደግፋ ነበር፤ ያን ሰሞን መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ይመስለኛል። ሰውየውም ሳቀ። ማዶንዶ እባላለሁ አለ። ስለ ነፍሳት መጽሐፍ እየተሠራ ነው፤ ሞታ በመርፌ የተወጋችውን ሳይሆን በሕይወት ያለችውን፣ በገዛ ዛፏ ላይ ያለችውን እፈልጋለሁ አለ። አክስቴ እራታችንን አባረርክብን እያለች ስታጉረመርም ከመኪናው አንድ ቆርቆሮ ዓሣ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ ግን ዓሣውን አላየችም። መኪናውን ነበር የምታየው።

«ዘርህ ማነው?» አለችው ድንገት።

«ሁንግዌ ነኝ። የንስር ዘር።»

አክስቴ ሸንበቆዋን መሬት አስቀመጠች። ተንበረከከች፤ መዳፎቿን አጎድጉዳ እንደ ወጋችን ለክብሩ ቀስ እያለች አጨበጨበች። «የሙቻነታ እናት! ኧረ ነይ! ወንድምሽ መጥቶልሻል! እንዴት ዋሉ፣ ሁንግዌ? ደህና ነዎት?»

እናቴ የንስር ዘር ናት። ወገኖቿ ሩቅ ናቸው፣ አንድም ሰው በአቅራቢያ የላትም። በእኛ ደግሞ ዘሩ አንድ የሆነ ሰው፣ አይተኸው የማታውቀው ቢሆን እንኳ፣ ወንድም ነው። በአንድ አፍታ መንገደኛው የእናቴ ወንድም፣ የእኔ አጎት፣ የአክስቴ የተከበረ አማች ሆነ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። አጎት አግኝቼ፣ ያውም ባለመኪና!

አክስቴ ያሰበችው ግልጽ ነው፤ ወንድም እህቱን ጥሏት አይሄድም። ቀኗ ሲደርስ መኪናው ግቢያችን ይገኛል። ብልህ ነበረች። ነገር ግን በዚያችው ጭብጨባ ሌላም ነገር አሰረች። በእኛ ወግ ወንድም ፊት የእህት ሆድ አይነሳም። የባል እህት ደግሞ ለአማቿ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር አፏን አትከፍትም፤ ከምትከፍት ብትሞት ይሻላታል። መንገደኛ ሆኖ ቢቀር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ሴት ነገውኑ ሆስፒታል አድርስልን» ትለው ነበር። ምላሷ ምን ያህል ስለት እንደነበረ አይታችኋል። ወንድም ስታደርገው ግን አፏን በገዛ እጇ ሰፋችው። ይሄን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

አጎቴ ድንኳኑን ግቢያችን ጥግ ተከለ። እኔ ረዳቱ ሆንኩ። ኜንዜ ሰው ሲጠጋት አትበርም መጀመሪያ፤ ግንዱን ዞራ ወዲያ ማዶ ትደበቃለች። ስለዚህ እሱ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ ይቀመጣል፣ እኔ በሌላው በኩል ቀስ ብዬ ብቅ እላለሁ፤ እሷ ከእኔ ስትሸሽ ካሜራው ፊት ትመጣለች። «ቀስ፣ ቀስ... ተይ አሁን፣ ቁሚ!» ይለኛል በሹክሹክታ። ቀጭ። ጥላዬ ግንዱ ላይ እንዳያርፍ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ማየት ተማርኩ። ከዛፉ ሥር ስቆም ደግሞ ከላይ ጠብ ጠብ ይልብኛል፤ የጠጡትን የሚረጩት እነሱ ናቸው። «አጎቴ፣ ዘነበ!» ስለው ይስቃል። የዚያን ዓመት እስከዚያ ያየሁት ዝናብ ያ ብቻ ነበር።

ማታ ማታ እራት ስንበላ ያየውን ይነግረናል።

«የምትጮኸው እኮ ወንዱ ብቻ ነው» አለ አንድ ቀን። «ሴቷ ድምፅ የላትም። ዝም ብላ ትሰማለች።»

«ወይ ጉድ! የኛ ሰፈር ተገላቢጦሽ ነዋ!» አለች አክስቴ፤ ወዲያው አማች ፊት መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። እናቴ በፊቱ ብዙ አትናገርም ነበር፤ ጨርቋን ሰፋ አድርጋ ትከናነብና ጥግ ትቀመጣለች። እሱም ወደዚያ ጥግ አያይም። ንቋት ነው ብዬ ተቀይሜው ነበር።

ሌላም የታዘብኩት ነገር ነበረ። መኪናውን ሲያቆም ሁልጊዜ አዙሮ፣ አፍንጫውን ወደ መንገድ አድርጎ ነው። እየሾለከ ሊሄድ ነው እል ነበር በልቤ።

አንድ ምሽት፣ «በቃ፣ ሥራዬን ጨረስኩ፤ ነገ በጠዋት እነሳለሁ» አለ።

እናቴ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። አክስቴ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ደግማ ቆሰቆሰች።

«እንዴ፣ ሁንግዌ! ነጯን ሳያዩ?»

«ነጭ?»

«ነጯ ኜንዜ ናታ! መቼም ሰምተዋል። ከሁሉ ኋላ ነው የምትወጣው፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል። በየዓመቱም አትታይ። ጥጥ ነው የምትመስል። እናቴ አይታታለች። እሷን ሳይዙ ቢሄዱ ያ መጽሐፍዎ ምን መጽሐፍ ነው?»

አጎቴ አክስቴን ብዙ አያት። ከዚያ ዓይኑ እናቴ ወደተቀመጠችበት ጥግ ሄደ፤ ወዲያው ወደ እሳቱ መለሰው።

«ነጭ ከሆነችማ» አለ፣ «መጠበቅ ነው።»

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አክስቴ አጠገቤ ተኝታ ነበርና ጎሰም አደረግኋት። «ነጯን ያገኘ ሰው ምን ያገኛል?»

«ተኚ።»

«ምን ያገኛል በይኝ?»

«የፈለገው ይሆንለታል። አሁን ተኚ!»

ከዚያ ወዲያ ነጯን እንደ እኔ የፈለገ የለም። በማለዳ ተነስቼ ግንድ በግንድ አስሳለሁ። አፈሩ ላይ የወጡበትን ቀዳዳ ሳገኝ በሆዴ ተኝቼ አፌን እጠጋና፣ «ነጯ፣ ነይ፤ የእናቴን ሆድ አጉድይልኝ» እላለሁ። እናቴ ስትራመድ ታቃስት ጀምራለች። እግሯ አብጧል። የጎረቤታችን ልጅ ሊሞት ሲል እግሩ አብጦ ነበር። ጊዜ እንደሌለኝ አውቃለሁ።

ደመና መሰብሰብ የጀመረውም ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ በስተምሥራቅ ይከመርና ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ተመልሶ ይበተናል። መንደሩ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ትልቁ ዛፍ ሥር ቢራ ጠመቁ፣ ዘፈኑ፣ አባቶችን ለመኑ። አክስቴ አልሄደችም። ደጃችን ላይ ቆማ ሰማዩን እያየች፣ «ምን ያስቸኩልሃል? ይሄን ያህል ጊዜ የት ነበርክ? ጥቂት ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለህ?» ስትለው ቼኔሳይ ሰማቻት።

«ሴኬሳይ! ደመና ትሳደቢያለሽ? ልጅ የቀበርን ሰዎች እያለን?»

«ተይኝ አንቺ።»

«ዝናቡን የያዘብን ማነው እያልን እንጨነቃለን፤ ለካ እዚሁ ነሽ!»

አክስቴ ዓይኗን ከሰማዩ አላነሳችም። እኔ አፈርኩባት። በመንደሩ ሁሉ ዝናብ የማይፈለግበት ቤት የኛ ቤት ብቻ ነበር። ወንዙን ማን አሰበ? ከእኛና ከሆስፒታሉ መካከል ያለው ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነበር፣ መኪና እንደ ሜዳ ይሻገረዋል። ድልድይ የለውም። አንድ ጊዜ ከላይ አገር ዘንቦ ከወረደ ለቀናት አያሻግርም።

ነጯን ያገኘኋት አንድ ማለዳ ነው፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ። ከግቢያችን ብዙ በማይርቅ ዛፍ ላይ፣ በቁመቴ ልክ። ቡናማው ቆዳ ግንዱን ሙጭጭ ብሎ ይዟል፣ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ ውስጥ እሷ ወደ ኋላ ተለጥጣ ወጥታለች። ነጭ። ጥጥ አይደለችም፤ አዲስ የታለበ ወተት ናት፣ ትንሽ አረንጓዴ ጠብ ያለበት። ዓይኖቿ ቀያይ። ክንፎቿ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጨማደው ቀስ በቀስ ይፈታሉ። ሮጬ አጎቴን ከድንኳኑ እግሩን ይዤ ጎተትኩት።

ሲያያት ፊቱ በራ፤ ይሄን አልረሳም። ደጋግሞ ያያት ነገር መሆኗን ያኔ አላወቅኩም። ኜንዜ ሁሉ ቆዳዋን በጣለችበት ሰዓት ነጭ ናት፤ ፀሐይ ሲነካት ትጠቁራለች። የነፍሳት ሰው ይቅርና ማለዳ ጫካ የሚወርድ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አክስቴም ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ካሜራውን አቁሞ አጎነበሰ። «ጥላሽን» አለኝ። ገለል አልኩ። ቀጭ። እንደገና አስተካከለ፣ ቀጭ። በዚያ መሐል ቅጠል ሲሰበር ሰማሁ። እናቴ ናት፤ ከኋላ በኩል፣ ዛፉን አልፎ፣ ሌላ ግንድ ይዛ ቆማለች። ስሮጥ ሰምታ ተከትላኝ መሆን አለበት። «እማዬ! ነጯ! ነጯ ተገኘች!» አልኳትና ዓይኔን ወደ ነጯ መለስኩ። እንድትጠፋብኝ አልፈለግኩም።

አጎቴ ቀና ሲል እናቴን አያት። እናቴ ዞራ ወደ ቤት ሄደች። እሱ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ስሚ ሙቻነታ። ነጯን አላገኘናትም። እሺ?»

«አገኘናት እንጂ! ይቻትና!»

«አላገኘናትም። ነገም እንፈልጋለን፣ ከነገ ወዲያም። ለማንም አትንገሪ።»

እዚያው እንደቆምኩ ፀሐይዋ ግንዱ ላይ ደረሰች። ነጯ መጀመሪያ እንደ ሻይ ሆነች፣ ከዚያ እንደ ቅጠል፣ ከዚያ እንደ ማንኛዋም ኜንዜ ጠቁራ በረረች። ሰረቀኝ አልኩ። የእናቴን መድኃኒት ደብቆ ለራሱ ሊያደርጋት ነው። የፈለገው እንዲሆንለት ነው።

እየጮህኩ ቤት ገባሁ። «አክስቴ! ነጯን አግኝተናል! ፎቶ አንስቷታል! እየዋሸ ነው፣ አላገኘሁም ሊላችሁ ነው!»

አክስቴ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። አልመታችኝም፣ ጫነችው፣ እስኪያመኝ። ዓይኗ ደጁ ላይ ነበር።

«እማዬ አይታለች!» አልኩ በጣቶቿ መሐል። «ጠይቂያት!»

እናቴ ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር። «እኔ ምንም አላየሁም» አለች።

ማታ እራት ላይ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዛሬም አልቀናንም» አለ።

«ገና ናት፣ ሁንግዌ። ገና ናት» አለች አክስቴ እጇን እያጨበጨበች። «ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው አልኩዎት እኮ።»

እኔ ገንፎዬን አልበላሁም። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሁሉም ሲክዱ ፊታቸውን እያየሁ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደመናው አልተበተነም። ኜንዜዎቹ እንደዚያ ቀን ጮኸው አያውቁም፤ ጆሮ ይበሳ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው እንደገሰጻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። አፈሩ ላይ ትልልቅ ጠብታ አረፈ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ወጥቼ እልል አልኩ፤ ዞሬ እናቴን ስፈልግ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ጨርቋ ከወገቧ በታች ርሷል፣ ግን ዝናቡ ገና እሷ ጋ አልደረሰም ነበር።

አክስቴ ወደ ድንኳኑ ሮጠች። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። በዚያች ሰዓት እንኳን ያለችው ይሄን ነው፤ «ሁንግዌ፣ እህትዎን ትንሽ አሟቸዋል።»

እሱ ወዲያው ተነሳ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። መኪናው አፍንጫውን ወደ መንገድ እንዳደረገ ነው።

ከኋላ እናቴ አክስቴ ጭን ላይ፣ እኔ እግራቸው ሥር። መንገዱ ጅረት ሆኗል። የእልልታው ድምፅ ከየቤቱ ይከተለናል፤ አንዳንዷ መኪናውን አይታ እጇን ታውለበልባለች። ወንዙ ጋ ስንደርስ አጎቴ አቆመ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ከእኛ በፊት ከላይ አገር ዘንቦ ኖሯል። ቡናማ ውሃ ግንድና የሞተ ፍየል እየገፋ ይወርዳል። ማዶ ኮረብታው ላይ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። የሚያሰጥም ውሃ ባይኖር ልጅ እንኳ በእግሯ ትደርስበታለች።

አጎቴ ሸንበቆ ይዞ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፤ ደረቱ ጋ ሲደርስ ወሰደው፣ ቁጥቋጦ ይዞ ወጣ። በሌላ በኩል ሞከረ። ተመለሰ። ማዶ ላሉት ጮኸ፤ ወንዙ የሚጮኸው ይብሳል። ከዚያ መጥቶ ከመኪናው አጠገብ ቆመ፣ ጀርባውን ሰጥቶን። ወንድም ነውና ማየት የለበትም። ዝናቡ ሸሚዙን ገላው ላይ ለጥፎበት፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ወንዙን እያየ ቆመ።

እናቴ ድምፅ አላሰማችም። በእኛ ሴት በዚያ ሰዓት አትጮኽም። የጨርቋን ጫፍ ነክሳለች፣ ዓይኗ መኪናው ጣራ ላይ ነው። እጄን ስሰጣት ያዘችኝ፤ አጥንቴ የሚሰበር መሰለኝ፣ ግን ደስ አለኝ፤ ጉልበት አላት አልኩ።

«ያዣት!» ትላለች አክስቴ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «አንድ እጅ፣ ሌላ አንድ እጅ...» ከዚያ ቀና አለችና ወደ ጀርባው ጮኸች፤ «ዙር! ዙር አልኩህ! መጥተህ ያዛት! ወንድሟ አይደለህም! አንተ ወንድሟ አይደለህም!»

ዞረ። ፊቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አልነበረም። ገብቶ ከጀርባዋ ደግፎ ያዛት። አክስቴ እኔን አሽቀንጥራ ወደ ፊተኛው ወንበር ወረወረችኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ወንዙን፣ ዝናቡን፣ የአክስቴን ልመና፣ ቆይቶ ደግሞ እንደ ድመት ያለ ቀጭን ለቅሶ ነው።

አንገቴን አስግጌ ወደ ኋላ አየሁ። የእናቴ ሆድ ጎድሏል።

ጎድሏል! ያ ሁሉ መነፋት የለም። የመኪናው ወለል ቀይ ውሃ ሞልቶታል፤ ጭቃ ነው አልኩ፣ አፈራችን ቀይ ነው። «ሠራች!» ብዬ ጮህኩ። «አክስቴ፣ እዪ፣ ነጯ ሠራች! ጎደለ!»

እናቴ ወደ ድምፄ ዓይኗን መለሰች። ፈገግ ያለችልኝ መሰለኝ። ልብ አላልኩም፤ ይሆናል አይሆንም ልምል አልችልም።

ወንዙ የጎደለው በሌላ ቀን ነው። ያኔ የምናሻግረው ሰው አልነበረም።

ዓመቱ ሲዞር የሟች መንፈስ ወደ ቤት የሚመለስበት ሥርዓት ተደረገ። አባቴ ከጉድጓዱ መጣ። አጎቴ ማዶንዶ ማንም ሳይጠራው መጣ፤ ከዘመዶቿ ጎራ፣ ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ፤ ማንም አላስነሳውም። ሥርዓቱ ሲያልቅ አክስቴን ጎተራው ጥላ ሥር አገኛት። እኔ ሕፃኗን አዝዬ ከጎተራው በስተጀርባ ነበርኩ።

«አውቄ ነበር» አላት። «ስለ ነጯ ሲነግሩኝ ነው ያወቅኩት። ከዚያም በፊት ገምቻለሁ። ለዚህ ብዬ ነው የቆየሁት።»

«ካወቁ፣ ታዲያ ምነው አንድ ቃል ቢናገሩ? ልውሰዳት ቢሉ?»

«እርስዎስ?»

ለእኔ ገና ስለ ኜንዜ የሚጣሉ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ! በአንዲት ኜንዜ! ንዴቴ ተመለሰብኝና ሕፃኗን ይዤ ሄድኩ።

ሲሄድ ፎቶውን ለእኔ ሰጠኝ። ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፣ በመስታወት አስገብቼ ሰቅዬዋለሁ። ቤቴ የገባ ሁሉ ያደንቀዋል። ነጯ ግንዱ ላይ ናት፤ ክንፏ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጅማት ይለያል፣ ዓይኗ ላይ የማለዳ ብርሃን ነጥብ ብላ ትታያለች። ከኋላዋ ጫካው ደብዝዟል። በዚያ ድብዘዛ መሐል በስተግራ አንድ ግራጫ ነገር ቆሟል፣ ሌላ ግንድ የሚመስል። ግንድ አይደለም። እናቴ ናት። ከዚያ ሌላ ፎቶ የላትም።

እህቴ ቼንዚራ ናት፤ መንገድ ላይ የተወለደች ማለት ነው፣ አክስቴ ያወጣችላት ስም። አሁን እሷም የልጆች እናት ናት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ሰው ሁሉ ደጅ ሲወጣ፣ እሷ በጓሮ በኩል መጥታ በሬን ታንኳኳለች። ከፍቼ አስገብቼ መልሼ እዘጋለሁ። ፎቶውን ከግድግዳው ታወርድና ጭኗ ላይ ታደርገዋለች። አምናም እንዲሁ አደረገች።

«ፊቷ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ጣቴን መስታወቱ ላይ አኖርኩላት። ከጣቴ ጥፍር የምታንስ ነጣ ያለች ነጥብ ናት።

«ምን ትመስል ነበር፣ ያን ጊዜ? እያየችሽ ነበር?»

ነጯ መገኘቷን ስታይ፣ አሁን ይሄዳል ብላ ስታስብ፣ ግንድ ይዛ ቆማ። ያ ፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እኔ ነበርኩ። እዚያው ቆሜ ነበር፣ ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ ብርሃኑም መጥቶ ነበር።

«ነጯን ነበር የማየው» አልኳት።

ውጭ እልልታው ቀጥሏል። ቼንዚራ መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ትንሽ የሚጠራ ይመስል፣ ደግማ ጠረገችው።